ማራዊና ወንድሞቹ፦ የቅድስቲቱ ምድር ብርቅዬ ነጭ ወይኖች ከሐይፋ ሲታዩ

ለወይን ጠጅ የሚሆኑ የወይን ዝርያዎች ብዙ ናቸው። እ.ኤ.አ. (እንደ ሌሎቹ የዚህ ጽሑፍ ዓመታት ሁሉ) በ2012 የታተመው ትልቁ የዝርያዎች መዝገብ ብቻ 1,368 ያህሉን ይዘረዝራል። ገበያው የሚያውቀው ግን ጥቂቶቹን ነው። ዓለም አቀፉ የወይንና የወይን ጠጅ ድርጅት በ2017 ባወጣው ዘገባ መሠረት ከዓለም የወይን ማሳ ከሲሶ በላዩን የያዙት 13 ዝርያዎች ሲሆኑ፣ ግማሹን የያዙት ደግሞ 33 ናቸው። የቀሩት በመቶዎች የሚቆጠሩ ዝርያዎች በየመንደሩ ጥግ፣ በየገዳሙ አጥርና በየሽማግሌው ጓሮ ተበትነው ይኖራሉ። የሚገርዛቸው ሰው ሲያልፍ እነሱም ያልፋሉ።

ከእነዚህ መካከል ማራዊ፣ ጃንዳሊና ዳቡቂ የተባሉት የቅድስቲቱ ምድር ነባር ነጭ ወይኖች ይገኛሉ። ማራዊ በሌላ ስሙ ሐምዳኒ ይባላል። ባለፉት 20 ዓመታት ውስጥ ከገበታ ፍሬነት ተነሥተው ወደ ጠርሙስ ገብተዋል፤ ስማቸውም በዓለም ጋዜጦች ተጽፏል። በዚያው ልክ ክርክርም አስነሥተዋል። እውነት የጥንት ወይን ናቸው? ለጥሩ ወይን ጠጅስ ይሆናሉ? የማን ናቸው?

ጥያቄውን ከሐይፋ ሆኖ መመልከት የሚጠቅምበት ምክንያት አለ። በቀርሜሎስ ተራራ ላይ ያለው የሐይፋ ዩኒቨርሲቲ ስለ ጥንቱ የወይን ልማት ከወጡት ትልልቅ ግኝቶች የብዙዎቹ መነሻ ነው። ከከተማዋ በስተሰሜን የጥንት የከነዓን ቤተ መንግሥት የወይን ጓዳ ተቆፍሮ ወጥቷል። በስተደቡብ የፈረንሳይ ወይን በብዛት የተተከለበት የዚክሮን ያዕቆብ መንደር አለ። በስተደቡብ ምሥራቅ ደግሞ የመጽሐፍ ቅዱሱ ናቡቴ የወይን ቦታ የነበረባት ኢይዝራኤል ትገኛለች። በሐይፋና በዙሪያዋ ከጎንደርና ከትግራይ የመጡ ብዙ ቤተ እስራኤላውያንም ይኖራሉ፤ ወይን ጠጅ በየሰንበቱ ማዕዳቸው ላይ ይቀርባል። ስለዚህ ነገሩ ለአማርኛ አንባቢም ሩቅ አይደለም።

ነጭ ወይን እንዴት ነጭ ሆነ?

የዱር ወይን ፍሬው ጥቁር ነው። ነጩ የመጣው በዘረ መል ላይ በደረሰ ለውጥ ነው። የወይንን ልጣጭ የሚያቀላው ቀለም እንዲሠራ የሚያዝዙ ሁለት ጎን ለጎን ያሉ ዘረ መሎች በሁለተኛው ክሮሞዞም ላይ ይገኛሉ። የጃፓን ተመራማሪዎች በ2004 እንዳሳዩት፣ ከእነዚህ በአንደኛው መግቢያ ላይ ባዕድ የሆነ የዘረ መል ቁራጭ ገብቶ ሥራውን አቁሞታል። ሌላውም በራሱ እክል ሲዘጋ ቀለሙ ፈጽሞ ይቀራል። ከእናትም ከአባትም የተወረሰው ቅጂ ሁለቱም የተዘጋ ካልሆነ በቀር ፍሬው መቅላቱን አይተውም። ነጭ ወይን ከመነሻው ብርቅ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው። ዛሬ የበዛውም ያንን አንድ ለውጥ ያየ ገበሬ ቅርንጫፉን ቆርጦ ስለተከለው ነው።

ቆርጦ መትከሉ የነገሩ ሁሉ ቁልፍ ነው። ወይን ከዘር ቢበቅል እናቱን አይመስልም፤ ጣዕሙም፣ ቀለሙም፣ የሚበስልበት ጊዜም ይለወጣል። ዝርያው ሳይለወጥ የሚቆየው ቅርንጫፉ ተቆርጦ ሲተከል ብቻ ነው። በዚህ ረገድ ከእኛው እንሰት ጋር ይመሳሰላል፤ የደቡብ ገበሬ እያንዳንዱን የእንሰት ዓይነት በስሙ እየጠራ፣ ከእናቱ ግንድ ችግኝ እያወጣ ለልጅ ልጅ እንደሚያስተላልፈው ማለት ነው። የዚህ አሠራር ጥንካሬ ያስደንቃል። በ2019 የወጣ ጥናት ከፈረንሳይዋ የኦርሌአን ከተማ የተገኘ የመካከለኛው ዘመን የወይን ዘር፣ ሳቫኛን ብላን ከተባለው የዛሬ ነጭ ወይን ጋር በዘረ መል አንድ ሆኖ እንደተገኘ አሳይቷል። ያ ሐረግ ለ900 ዓመታት ያህል ከእጅ ወደ እጅ እየተቆረጠ ተተክሏል ማለት ነው። አሠራሩ ድክመትም አለው። ከ900 ዓመት ውስጥ አንድ ትውልድ ብቻ መትከሉን ቢተው ኖሮ ሳቫኛን ዛሬ አይኖርም ነበር።

መሬቱ ምን ይመሰክራል?

በ2013 በሐይፋ ዩኒቨርሲቲው አሳፍ ያሱር-ላንዳውና በአሜሪካዊው ኤሪክ ክላይን የሚመራ ቡድን፣ ከሐይፋ በስተሰሜን ናሃሪያ አጠገብ ባለው ቴል ካብሪ አንድ ጓዳ ቆፍሮ አወጣ። በውስጡ 40 ያህል ትልልቅ ጋኖች ነበሩ፤ ሁሉም አንድ ላይ 2,000 ሊትር ገደማ ይይዛሉ። ዘመኑ ከክርስቶስ ልደት በፊት 1700 አካባቢ ነው። በጋኖቹ ግድግዳ ላይ የቀረው ዝቃጭ ሲመረመር የወይን ጠጅ ምልክት የሆነው አሲድ ተገኘ፤ ከማርና ከጥድ ፍሬ፣ ከናና ዓይነት ቅጠልና ከቀረፋ ዓይነት ቅርፊት ጋር የተቀመመ እንደነበረም ተመራማሪዎቹ ገለጹ። ወይን ጠጅን በማርና በቅመም ማጣፈጥ የማር ጠጅ ለሚጥል ሰው እንግዳ ነገር አይደለም።

የጋን ዝቃጭ ግን የማይመልሰው ጥያቄ አለ። ወይን ጠጁ ቀይ ከሆነ የልጣጩ ቀለም አሻራ ይተዋል፤ ነጭ ከሆነ የሚገኘው የአሻራው አለመኖር ብቻ ነው። በቱታንክሃሙን መቃብር ከተገኙት ጋኖች መካከል ነጭ ወይን ጠጅ የያዙ እንደነበሩ በ2006 የታወቀው በዚህ መንገድ ነው፤ የወይን አሲዱ ሲገኝ የቀለሙ ምልክት ግን አልተገኘም። ይህም ቢሆን ዝርያውን አይነግረንም። ጥቁር ወይንም ቢሆን ልጣጩ ቶሎ ከተለየ ነጭ ጠጅ ይወጣዋል። ነጭ ፍሬ ያፈራ ሐረግ መኖሩን ለማረጋገጥ የሚያስፈልገው ራሱ ዘሩ ነው።

ያንን ዘር የሰጠው የኔጌብ በረሃ ነው። የሐይፋ ዩኒቨርሲቲው ጋይ ባር-ኦዝ የሚመራው ቡድን ሐሉጻን፣ ሺብታንና ኒጻናን የመሰሉ የቢዛንታይን ዘመን ሰፈሮችን የቆሻሻ ክምር ቆፈረ። የቆሻሻ ክምር የቤተ መንግሥት ያህል ዐይን አይስብም፤ ሰዎች ምን እንደዘሩና ምን እንደበሉ ግን ያለ ውሸት ይናገራል። ዳንኤል ፉክስና ባልደረቦቹ በ2020 ባሳተሙት ጥናት ከ11 የቆሻሻ ክምሮች የወጡ ወደ 10,000 የሚጠጉ የወይን፣ የስንዴና የገብስ ዘሮች ተቆጠሩ። ከእህሉ አንጻር የወይኑ ድርሻ ከ4ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ከፍ እያለ መጣ፤ በ6ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ላይ ግን ወደቀ። ወቅቱ የዩስቲኒያኖስ ዘመን ወረርሽኝ የተነሣበት፣ ፀሐይን ያደበዘዘ የእሳተ ገሞራ ጭስ ሰማዩን የሸፈነበት ነው። በጋዛ ወደብ በኩል በረጃጅም ጋኖች እየተሞላ እስከ አውሮፓ ይጫን የነበረው ዝነኛ ወይን ጠጅም አብሮ ተዳከመ። ገበያው ሲሞት ተካዩም እህል ወደ መዝራት ተመለሰ።

ከዚህ ቀጥሎ በ2023 የወጣው ጥናት ለርዕሳችን ዋናው ነው። በቴል አቪቭና በሐይፋ ዩኒቨርሲቲዎች ተመራማሪዎች ትብብር የተሠራው ይህ ጥናት፣ ከኔጌብ ቁፋሮዎች ከወጡ የወይን ዘሮች የጥንት ዘረ መል አውጥቶ አነበበ። ከእነሱ አንዱ፣ በ8ኛው ክፍለ ዘመን የነበረ ዘር፣ ነጭ ፍሬ ካፈራ ሐረግ የተገኘ ሳይሆን አይቀርም የሚል ውጤት ተገኘ፤ እስከዚያን ጊዜ ድረስ ከታወቁት የነጭ ወይን ዘሮች ሁሉ ጥንታዊው ነው። ሌላ ዘር ደግሞ ከዛሬ የግሪክ ወይን ጋር የሥጋ ዝምድና እንዳለው ታየ። በደቡቡ በረሃ የወይን ልማት ለብዙ መቶ ዓመታት ሳይቋረጥ መቆየቱንም ጥናቱ አሳየ።

ዘመኑን ልብ ማለት ይገባል። 8ኛው ክፍለ ዘመን የእስልምና አገዛዝ በአካባቢው ከተተከለ በኋላ ያለ ጊዜ ነው። ወይን በአንድ ጀንበር ተነቅሎ አልጠፋም፤ ገበሬው ዓይነቱን እያወቀ መትከሉን ቀጥሏል።

ይህ ታሪክ የአክሱምን ደጃፍም ይነካል። በአንደኛው ክፍለ ዘመን የተጻፈው የቀይ ባሕር የንግድ መመሪያ ወደ አዱሊስ ከሚገቡት ዕቃዎች ውስጥ ከሶርያዋ ሎዶቅያና ከጣሊያን የሚመጣ ጥቂት ወይን ጠጅ ይጠቅሳል። በኋላ ዘመን ደግሞ በቀይ ባሕር ጫፍ በዛሬዋ አቃባ ይሠሩ የነበሩ ጋኖች በአክሱምና በአዱሊስ ስብርባሪያቸው ስለተገኘ አርኪዮሎጂስቶች የዚያን ዓይነት ጋን በአቃባ የጥንት ስምና በአክሱም ስም ይጠሩታል። የሌቫንት (የምሥራቅ ሜዲትራኒያን ዳርቻ) ወይን ጠጅ ለአበሻ አዲስ እንግዳ አይደለም።

ጠጁ ቀረ፣ ሐረጉ ቆየ

ነጮቹ ወይኖች የተረፉበት መንገድ የዚህ ዳሰሳ ዋና ትምህርት ነው። ጠጅ መጥመቁ በአብዛኛው ሲቀር ወይኑ ሌላ ጥቅም ስለነበረው አልተነቀለም። በኬብሮንና በቤተ ልሔም ኮረብቶች ላይ ፍልስጤማውያን ገበሬዎች ፍሬውን ትኩሱን በሉት፣ ዘቢብ አደረጉት፣ ጭማቂውን እንደ ማር እስኪወፍር አፍልተው ለክረምት አስቀመጡት፣ ቅጠሉን ሩዝ ጠቀለሉበት። ኬብሮን እስከ ዛሬ የፍልስጤም ወይን ዋና ምድር ናት። የዘኍልቁ መጽሐፍ በ13ኛው ምዕራፍ ሰላዮቹ ዘለላውን በመሎጊያ የተሸከሙበትን የኤሽኮልን ሸለቆ የሚያስቀምጠውም በዚያው አካባቢ ነው። ገበሬዎቹ ሐረጉን ባብዛኛው ያለ መስኖ በዝናብ ብቻ ያለማሉ፤ ከፍታው 900 ሜትርና ከዚያ በላይ ስለሆነ ሌሊቱ ይቀዘቅዛል።

ዳቡቂ ሌላ መጠጊያ አገኘ። ዘለላው ትልቅ፣ ምርቱ ብዙ ስለሆነ በእስራኤል ለብራንዲና በአኒስ ለሚጣፈጠው አራቅ ማውጫ ዋለ። ሊባኖስም ተመሳሳይ ታሪክ አላት። ኦባይዴና መርዋ የተባሉት ነጭ ወይኖቿ ከተረፉባቸው መንገዶች አንዱ አራቅ ነው፤ ሻቶ ሙዛር የተባለው ዝነኛ የሊባኖስ መጥመቂያም ነጭ ጠጁን የሚሠራው ከእነዚሁ ሁለቱ ነው።

በጠጅ በኩል ግን ነባሮቹ በራሳቸው አገር ባይተዋር ሆኑ። በ1882 ከሐይፋ በስተደቡብ በቀርሜሎስ ተራራ ጫፍ ዚክሮን ያዕቆብ ስትመሠረት፣ ባሮን ኤድሞንድ ደ ሮትሺልድ ገንዘብም ባለሙያም ከፈረንሳይ አመጣ። ባለሙያዎቹ የሚያውቁትን ካሪኛን፣ ግሬናሽና መሰሎቻቸውን ተከሉ። በዚያው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ሥር የሚበላው ፊሎክሴራ የተባለ ተባይ ደርሶ ማሳውን ሲያጠፋውም የተተካው ያው የፈረንሳይ ወይን ነበር፤ ልዩነቱ ተባዩን በሚቋቋም የአሜሪካ ወይን ሥር ላይ መጣበቁ ብቻ ነው። በ20ኛው ክፍለ ዘመን ነጭ ወይን ጠጅ ለማብዛት በተፈለገ ጊዜም ዐይኖች ወደ ካሊፎርኒያ ዞሩ። በዚያ የተዳቀለው ኤመራልድ ሪዝሊንግ ለብዙ ዓመታት በእስራኤል በብዛት ከሚጠጡት ነጭ ወይን ጠጆች አንዱ ሆነ። ከዚያም ሻርዶኔና ሶቪኞን ብላን ተከተሉ። የኬብሮኑ ሐረግ ለባለሙያዎቹ የገበታ ፍሬ ከመሆን አላለፈም።

ማንም ነባሮቹን መርምሮ አይረቡም ብሎ የጣላቸው አይመስልም። ከመጀመሪያው የጠየቃቸው አልነበረም። የወይን ባለሙያነት ከአውሮፓ የሚመጣ ዕውቀት ተደርጎ በተቆጠረበት ዘመን፣ የአረብ ገበሬ ጓሮ የምርምር ቦታ ሆኖ አልታየም።

የመመለሱ ሥራ

መመለሱን የጀመረው ገዳም ነው። በቤተ ልሔምና በኢየሩሳሌም መካከል ያለው የክሬሚዛን የሳሌዥያን ገዳም ከ1885 ጀምሮ ወይን ይጠምቃል። ከ2008 አካባቢ ጀምሮ ከጣሊያናዊው ባለሙያ ሪካርዶ ኮታሬላ ምክር እያገኘ ከነባር ዝርያዎች ብቻ የሚሠሩ ጠጆችን አወጣ፤ ሐምዳኒና ጃንዳሊን ያዋሐደው ነጭ ጠጅ በብዙዎች ዘንድ ታወቀ። ዳቡቂንም ለብቻው ጠመቀ። የክሬሚዛን ሸለቆ የእስራኤል የመለያ ግንብ እንዲያልፍበት በመታሰቡ ለዓመታት የፍርድ ቤት ክርክር የነበረበት ምድር ነው። ገዳሙና በዙሪያው ያሉ የክርስቲያን ቤተሰቦች ሐረጋቸውን የተንከባከቡት በዚህ ጭንቀት ውስጥ ሆነው ነው። በ2013 የተመሠረተው የፍልስጤማውያን የታይቤ የወይን መጥመቂያም ዜኒ ከተባለ ሌላ ነባር ነጭ ወይን ጠጅ ይሠራል።

በእስራኤል በኩል ስሙ ጎልቶ የሚነሣው ተመራማሪ በአሪኤል ዩኒቨርሲቲ የሚሠራው ኤልያሺብ ድሮሪ ነው። ከ2011 ጀምሮ ቡድኑ አገሩን እያሰሰ ከጓሮ፣ ከፍርስራሽና ከገደል የወይን ሐረግ ሰበሰበ፤ በዘረ መል እየለየም 120 ያህል ለምድሪቱ ልዩ የሆኑ ዓይነቶችን መዘገበ። ከእነዚህ ለጠጅ ይበጃሉ የተባሉት 20 ገደማ ናቸው። በ2014 ሬካናቲ የተባለው መጥመቂያ ከቤተ ልሔም አካባቢ ካለ ፍልስጤማዊ ገበሬ ፍሬ ገዝቶ የመጀመሪያውን ማራዊ ጠመቀ፤ ለገበያ የወጣው 2,480 ጠርሙስ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሌሎች ትንንሽ መጥመቂያዎች ዳቡቂንና ጃንዳሊን መሞከር ጀመሩ።

ውጤቱ ምን ይመስላል? ማራዊ ፈዘዝ ያለ ቀለም፣ ለስለስ ያለ የፍራፍሬ ሽታና ዝቅ ያለ አልኮል ያለው ቀላል ጠጅ ነው። የሻርዶኔን ክብደት ወይም የሙስካትን ሽቶ የሚፈልግ አያገኝበትም። ድክመቱም መነገር አለበት። እነዚህ ሐረጎች ለብዙ ትውልድ የተመረጡት ለመብላት ነው፤ የሚበላ ወይን ደግሞ ትልቅ፣ ውኃማና ቆዳው ስስ እንዲሆን ይፈለጋል። ጠጅ የሚፈልገው ተቃራኒውን ነው፦ ትንሽ ፍሬ፣ የጠለቀ ጭማቂ። ስለዚህ ጠማቂው ምርቱን መቀነስ፣ ከየማሳው የተሻለውን ሐረግ መለየት፣ ያረጀውን ማሳ ከቫይረስ የጸዳ ችግኝ መተካት ይኖርበታል። ፈረንሳይና ጣሊያን ይህን ሥራ በረጅም ዘመን ሠርተውታል። የማራዊ ሥራ ገና መጀመሩ ነው፤ ዛሬ ባለው ጣዕም ብቻ መጨረሻውን መፍረድ ተገቢ አይሆንም። የፈረንሳዩን ቪዮኝዬን ታሪክ ማስታወስ ይጠቅማል። ይህ ነጭ ወይን በ1960ዎቹ መጨረሻ በትውልድ ቦታው በኮንድሪዬ 14 ሄክታር ያህል ብቻ ቀርቶት ነበር፤ ዛሬ ከአውሮፓ እስከ አሜሪካና አውስትራሊያ ይተከላል።

ለምን አሁን?

ብርቅዬ ወይንን ለመፈለግ ከናፍቆት የጠነከረ ምክንያት አለ፤ እሱም ሙቀት ነው። አየሩ ሲሞቅ በፍሬው ውስጥ ስኳሩ ፈጥኖ ይከማቻል፣ አሲዱ ቶሎ ይቃጠላል። ስኳሩ ሲበዛ አልኮሉ ይበዛል፤ አሲዱ ሲያንስ ነጩ ጠጅ ሕይወት ያጣል። ለዚህ ነው ብዙ የእስራኤል ማሳዎች ፍሬውን በሌሊት የሚለቅሙት። ከቀዝቃዛ አገር የመጣ ወይን በሞቃት አገር ሊኖር የሚችለው በብዙ ድካምና ውኃ ነው። በደረቅ ኮረብታ ላይ ያለ መስኖ ለዘመናት የቆየ ዝርያ ግን ይህን ፈተና አስቀድሞ አልፎታል። ባሕልን አጥብቃ የምትይዘው ቦርዶ ራሷ ሙቀቱን ፈርታ በ2021 ስድስት አዳዲስ ዝርያዎችን ፈቅዳለች፤ ከእነሱ ሁለቱ ነጭ ናቸው፤ አልቫሪኞና ሊሊዮሪላ።

በ2023 የወጣ ሌላ ትልቅ ጥናት ከ3,500 በላይ የወይን ናሙናዎችን አነጻጽሮ፣ የሰው ልጅ ወይንን ያላመደው ከ11,000 ዓመታት ገደማ በፊት በምዕራብ እስያና በካውካስ፣ በሁለት ቦታ መሆኑን ገልጿል። ለአውሮፓ ወይኖች መነሻ የሆነው የምዕራብ እስያው ነው። ስለዚህ በሌቫንት ኮረብቶች የቀረው ብዝኃነት ለዓለም ወይን ሁሉ የመጠባበቂያ ዘር ነው። እዚያ የሚጠፋው የትም አይተካም።

የማን ነው?

ክርክሩ የሚከርረው እዚህ ላይ ነው። በእስራኤል በኩል ማራዊን የንጉሥ ዳዊትና የቤተ መቅደሱ ዘመን ጠጅ አድርጎ ማስተዋወቅ ተለምዷል። ፍልስጤማውያን ደግሞ የአያቶቻችንን ሐረግ ወስደው በራሳቸው ታሪክ ስም ሸጡት ይላሉ። የአሪኤል ዩኒቨርሲቲ በምዕራብ ዳርቻ በእስራኤል ሰፈራ ውስጥ መገኘቱም ቅሬታውን ያባብሰዋል።

ማስረጃውን አንድ በአንድ ስናየው ሁለት ነገር ይለያል። በምድሪቱ ወይን ከሦስት ሺህ ዓመት ከሚበልጥ ጊዜ በፊት ጀምሮ መጠመቁ፣ ነጭ ፍሬ ያፈራ ሐረግም ቢያንስ በ8ኛው ክፍለ ዘመን መኖሩ በሳይንስ ተመስክሯል። ይህ የማንም ፈጠራ አይደለም። ዛሬ በጠርሙስ ያለው ማራዊ ግን ያ የጥንቱ ሐረግ ራሱ ነው ለማለት ይህ አይበቃም። የኔጌቡ ጥናት ያገኘውን ነጭ ዘር ከማራዊ ጋር አንድ ነው አላለም። ሳቫኛን የ900 ዓመት ታሪክ የተሰጠው ዘሩ ከሐረጉ ጋር በትክክል ስለገጠመ ነው፤ ከዚያ ባነሰ ማስረጃ የነገሥታትን ስም በጠርሙስ ላይ መጻፍ ሳይንሱን ያሳንሰዋል።

ሁለተኛው ነገር ማስረጃ የማያስፈልገው ነው። ይህን ሐረግ እስከ ዘመናችን ያደረሰው የኬብሮንና የቤተ ልሔም ገበሬ ነው። ብዙዎቹ ገበሬዎች ሃይማኖታቸው ጠጅ መጠጣትን ቢከለክልም ሐረጉን አልነቀሉም። የጠማቂውና የተመራማሪው ስም በየጋዜጣው ሲጻፍ የገበሬው ስም ብዙ ጊዜ ሳይነሣ መቅረቱ ትልቅ ግድፈት ነው። ከሐይፋ ብዙም በማትርቀው ኢይዝራኤል ናቡቴ የአባቶቹን የወይን ቦታ አልሸጥም ባለ ጊዜ የሆነውን የመጀመሪያው የነገሥታት መጽሐፍ አንባቢ ሁሉ ያውቃል። በዚያ ታሪክ ንጉሡን አክዓብን ያስኮነነው ወይኑን መውደዱ አልነበረም፤ ባለቤቱ ተገድሎ ውርሱን መውሰዱ ነው። ማራዊ የእውነት እንዲመለስ ከተፈለገ ገበሬው በስሙ ሊጠራ፣ ለፍሬው ተገቢ ዋጋ ሊያገኝ፣ ከጠጁ ሽያጭም ሊካፈል ይገባል።

ወይንና ቤተ እስራኤል

በእስራኤል የወይን ጠጅ የሃይማኖትም ጉዳይ ነው። በሕጉ መሠረት ጠጅ ኮሸር የሚባለው ከመጨመቁ ጀምሮ ሰንበትን የሚጠብቅ አይሁዳዊ ብቻ ሲነካው ነው፤ በእሳት የፈላ ጠጅ ግን ከፈላ በኋላ ከዚህ ገደብ ነጻ ነው። በ2018 አንድ ትልቅ መጥመቂያ ጥብቅ የኮሸር ፈቃድ ለማግኘት ብሎ ኢትዮጵያውያን አይሁድ ሠራተኞቹን ጠጁን ከሚነኩበት ሥራ አነሣ፤ ፈቃድ ሰጪው አካል በአይሁድነታቸው ላይ ጥርጣሬ ስለነበረው ነው። ቁጣው አገሩን አናወጠ። የሰፋርዲም ዋና ረቢ ይስሐቅ ዮሴፍ ድርጊቱን ዘረኝነት ብለው አወገዙት፤ መጥመቂያውም በቀናት ውስጥ ውሳኔውን ሰረዘ።

በጎንደር መንደሮች ሰንበት የሚባረከው ቄሱ በሚባርኩት ዳቦ ነበር፤ ወይን እንደ ልብ የሚገኝ አልነበረም። በ1984ና በ1991 በተደረጉት ትልልቅ ጉዞዎች እስራኤል የገቡት ቤተሰቦች በወይን የሚደረገውን የሰንበት ቡራኬ የለመዱት በኋላ ነው። ሰንበትን ያለ ወይን ለዘመናት የጠበቀ ሕዝብ በወይን ጠጅ ምክንያት ማንነቱ መጠርጠሩ የሚያም ነገር ነው። ከማራዊ ጥያቄ ጋር የሚያገናኘውም ይኸው ነው። በሁለቱም ጉዳይ ነገሩን በታማኝነት ያቆየው ሰው፣ ስለ ንጽሕናና ስለ ጥንታዊነት የመናገር ሥልጣን አለኝ በሚል ሌላ ወገን ወደ ዳር ተገፍቷል።

ለኢትዮጵያ ምን ይበጃል?

በአገራችን ወይን ጥንታዊም አዲስም ነው። በ1520 የመጣው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ለቅዳሴ የሚሆነው ወይን ከዘቢብ ተዘፍዝፎ እንደሚጨመቅ ጽፏል፤ ቤተ ክርስቲያናችን እስከ ዛሬ የምታደርገውም ይህንኑ ነው። በዘመናዊው በኩል አዋሽ የወይን ጠጅ ፋብሪካ አክሱማይት የተባለውን ጣፋጭ ወይን ጠጅ ለትውልዶች አቅርቧል። ካስቴል ደግሞ በዝዋይ ተክሎ በ2014 የመጀመሪያዎቹን ጠርሙሶች አወጣ፤ ነጩ ሻርዶኔ ነው። ከዚያ 130 ዓመት ገደማ በፊት በዚክሮን ያዕቆብ የሆነው ተደገመ ማለት ነው፦ ባለሙያውም ሐረጉም ከፈረንሳይ መጣ። ይህ በራሱ ክፉ አይደለም። ፋብሪካው ሥራ ፈጥሯል፣ ጠጁም ተወዷል። ነገር ግን ዚክሮን ያዕቆብ ነባሩን ለመጠየቅ ከመቶ ዓመት በላይ ፈጅቶባታል፤ እኛ ያን ያህል መዘግየት የለብንም። በየገዳሙና በየጓሮው የቀሩ ያረጁ የወይን ሐረጎች ካሉ በዘረ መል ይለዩ፣ ከመድረቃቸው በፊት ቅርንጫፋቸው ተቆርጦ ይተከል።

ለዚህ የሚሆን ዕውቀት በአገር ውስጥ አለ። በ1976 በአዲስ አበባ የተቋቋመው የዕፀዋት ዘረ መል ማዕከል በአፍሪካ ቀዳሚ ከሆኑት አንዱ ነው። ማዕከሉን የመሩት ዶክተር መላኩ ወረደ በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ያገኙት፣ ዘር በማቀዝቀዣ ብቻ ሳይሆን በገበሬው ማሳ ላይ፣ በገበሬው እጅ መጠበቅ አለበት ብለው በተግባር በማሳየታቸው ነው። ለወይን ይህ አሳብ ከምንም በላይ ይሠራል። የወይንን ዓይነት በዘር መልክ አቀዝቅዞ ማቆየት አይቻልም፤ ከዘር የሚበቅለው ሌላ ወይን ነው። በሕይወት ያለ ሐረግ፣ በየዓመቱ የሚገርዘው ሰው፣ ፍሬውን የሚፈልግ ገበያ ያስፈልጋል።

መደምደሚያ

የቅድስቲቱ ምድር ነጭ ወይኖች የጥንት ናቸው ወይ ለሚለው ጥያቄ፣ ልማቱ ጥንታዊ ነው፣ የእያንዳንዱ ሐረግ ዕድሜ ግን በዘረ መል ሊረጋገጥ ይገባል። ለጠጅ ይሆናሉ ወይ ለሚለው፣ ይሆናሉ፤ የበለጠ የሚሆኑት ግን ከመረጣና ከእንክብካቤ በኋላ ነው፤ እየሞቀ ለሚሄደው ዓለምም ከእንግዶቹ ይልቅ የተዘጋጁት እነሱ ናቸው። የማን ናቸው ለሚለው፣ ታሪኩ የብዙዎች ነው፤ ውለታው ግን ያልነቀሏቸው ገበሬዎች ነው። የሐይፋ ተመራማሪዎች የቆፈሩት የቆሻሻ ክምር ያስተማረን ገበያውና ተካዩ ሲጠፉ ማንኛውም ዝርያ አብሮ እንደሚጠፋ ነው። ሳይንስ የጠፋውን ሊነግረን ይችላል፤ ሕያው አድርጎ ሊመልሰው ግን አይችልም። ዛሬ በእጃችን ያለውን ነባር ዝርያ፣ ወይንም ይሁን እንሰት፣ ጤፍም ይሁን ገብስ፣ የምናድነው የሚተክለው ሰው ከተከላው ጥቅም እንዲያገኝ ስናደርግ ነው።